ስልሳውን ማን ለካው?

እናቴ ለካንሰሯ ሦስተኛውን ኬሞ ልትወስድ በሄድንበት ጠዋት ዶክተሩ የላብራቶሪውን ወረቀት አየና «ዛሬ አንሰጥዎትም እማማ» አላት። ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ተነስተን፣ አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዘን፣ ወረፋ ጠብቀን፣ ደም ሰጥተን፣ ውጤት ተቀብለን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው ይሄን የሰማነው። ነጭ የደም ሴሏ ወርዷል፣ በተለይ ኒውትሮፊል የሚባለው፣ ኢንፌክሽን የሚዋጋው ማለት ነው፣ 1,200 ሆኗል፣ ለመስጠት ደግሞ ቢያንስ 1,500 እንፈልጋለን፣ የዛሬ ሳምንት ኑና ደግመን እንለካለን፣ ያኔም ካልወጣ ዶዙን ሃያ በመቶ ቀንሰን እንሰጣለን አለ።

ሃያ በመቶ የሚለውን ስሰማ ሆዴን ባር ባር አለው። በጭንቅላቴ ውስጥ የመጣው በቃ አንድ ነገር ነው፣ መድኃኒቱ ሃያ በመቶ ተቀነሰ ማለት በሽታው ሃያ በመቶ ተረፈ ማለት ነው። ወንድሜ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ በስልክ እየሰማ ነበር፣ እሱማ ጭራሽ «እንዳትስማሚ፣ ሙሉውን ይስጧት» ብሎ ጮኸ። ዶክተሩ ታግሶ አስረዳን። የዚህ መድኃኒት የታወቀው መጠን ለአንድ ካሬ ሜትር 60 ሚሊግራም ነው፣ ወደ 48 ነው የምናወርደው፣ ብዙ ሰው ላይ እናደርገዋለን አለ። እናቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና ድንገት ጠየቀችው።

«ቆይ ልጄ፣ ይሄን ስልሳ የምትለውን ማን ነው የለካው? በማንስ ላይ ነው የለካው?»

ዶክተሩ ፈገግ ብሎ «በጥናት ነው እማማ፣ ፈረንጆቹ ብዙ ሰው ላይ ሞክረው ነው» አላት። እሷ ግን ወደኔ ዞረች። «አንቺ ቁጥር አይደል እንዴ የተማርሽው?» አዎ፣ ስታቲስቲክስ ነው የተመረቅኩት፣ ዛሬም ባንክ ውስጥ ብድር የሚወስደው ሰው ይከፍላል አይከፍልም እያልኩ ቁጥር ስቆጥር ነው የምውለው። መልስ አልነበረኝም። ያቺ ጥያቄ ያን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሳችኝ፣ ከዚያ በኋላም አልተወችኝም፣ ስለዚህ ያገኘሁትን እዚህ ልጻፈው። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ከኮሶ እስከ ካሬ ሜትር

ወደ ቤት ስንመለስ ራይድ ውስጥ እናቴ «ኮሶ እንኳን እኮ ለልጅና ላዋቂ አንድ አይደለም» አለች። ድሮ እናቷ ኮሶ ስትወቅጥ ሰውየውን ቀና ብላ አይታ ነው አሉ የምትዘግነው፣ ቀጭን ነው፣ ወፍራም ነው፣ ሰሞኑን ታሟል፣ ነፍሰ ጡር ናት አይደለችም፣ ሁሉን አይታ። ከበዛ ሰው እንደሚጎዳ የማያውቅ አልነበረም። እና እናቴ በሷ ቤት የጠየቀችው ይሄን ነው፣ ማነው ቀና ብሎ ያየኝ?

በእርግጥ አይተዋታል። በመጀመሪያው ቀን ነርሷ ጫማዋን አስወልቃ ግድግዳው ላይ ባለው ሜትር ቁመቷን ለካች፣ 156። ሚዛን ላይ አወጣቻት፣ 62 ኪሎ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሁለቱን አባዛች፣ ለ3,600 አካፈለች፣ ስኩዌር ሩት አደረገችው፣ 1.64 ወጣ። ይሄ የእናቴ የሰውነት ቆዳ ስፋት ነው፣ በካሬ ሜትር። 1.64 በ60 ሲባዛ 98 ሚሊግራም። ካርዱ ላይ ጻፈችው፣ አለቀ። እኔ ቆሜ እያየሁ ነበር፣ ያኔ ምንም አልገረመኝም።

ነርሷ የተጠቀመችበት ቀመር የ1987 ነው፣ ሞስተለር የሚባል ሰው ለስሌት እንዲቀል አሳጥሮት። መሠረቱ የተጣለው ግን በ1916 ነው፣ ዱቧ እና ዱቧ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሰው ሰውነት ላይ ሻጋታ እየለጠፉ ስፋቱን ለክተው ከቁመትና ከክብደት ጋር ያገናኙት ጊዜ። ስንት ሰው ለክተው እንደሆነ ሳነብ ሁለቴ ነው የተመለስኩበት። ዘጠኝ። ዘጠኝ ሰው! ደግነቱ በኋላ በብዙ ሰው ሲፈተሽ ቀመሩ ብዙም አልሳተም፣ ግን ስፋቱ ልክ ነው ማለት መድኃኒቱን ሰውነት የሚያጣራበት ፍጥነት በስፋቱ ልክ ነው ማለት አይደለም። ጉበት ነው የሚያጣራው፣ ጉበት ደግሞ ከቆዳ ስፋት ጋር አብሮ ያድጋል የሚለው ግምት ነው፣ ጥሩ ግምት ቢሆንም።

መድኃኒቱ ዶክሶሩቢሲን ይባላል፣ ሌሎች ታማሚዎች «ቀዩ» ይሉታል፣ እውነትም ደም የመሰለ ቀይ ነው፣ ከወሰዱት በኋላ ሽንት ራሱ ቀይ ይሆናል። መጀመሪያ የተገኘው ከአፈር ነው፣ ደቡብ ጣልያን ውስጥ ካስቴል ዴል ሞንቴ የሚባል የ13ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ አካባቢ ከተወሰደ አፈር ውስጥ ካለ ባክቴሪያ ዘር። አንዱ የንግድ ስሙ አድሪያማይሲን የሆነውም በአድሪያቲክ ባሕር ነው። ይሄን ለእናቴ ስነግራት «አፈር ነው በይኛ» ብላ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። እኛ ቤት አፈር ጸበል ላይ ስለሚወሰድ ይሁን አላውቅም፣ ግን ከዚያ በኋላ ቀዩን እንደ ጠላት ማየት ትታለች።

ሦስት ሰው

እሺ፣ መድኃኒት ተገኘ። ሰው ላይ ገና አልተሞከረም። ስንት ይሰጥ?

መጀመሪያ አይጥ ላይ ነው። በ1927 ትሬቫን የሚባል እንግሊዛዊ ከአይጦቹ ግማሹን የሚገድለውን መጠን መለኪያ አድርጎ አስቀመጠ፣ ምክንያቱም አንድ አይጥ በትንሹ ይሞታል፣ ሌላው በብዙው ይተርፋል፣ ስለዚህ «ገዳዩ መጠን» የሚባል አንድ ቁጥር የለም፣ ያለው ከስንት ስንቱ የሚለው ነው። ለካንሰር መድኃኒት ደግሞ ከመቶ አይጥ አስሩን የሚገድለው መጠን ይወሰድና አንድ አስረኛው ለሰው መነሻ ይሆናል፣ ለረጅም ጊዜ ልማዱ ይሄ ነበር።

ከዚያ ሰው። የካንሰር መድኃኒቶች ለብዙ አስርት ዓመታት ሲለኩ የኖሩት በዋናነት «ሦስት ሲደመር ሦስት» በሚባል ሕግ ነው። ለሦስት ታማሚዎች ትንሹ መጠን ይሰጣል፣ ሦስቱም ከባድ ጉዳት ካልደረሰባቸው ለሚቀጥሉት ሦስት ሰዎች ከፍ ይደረጋል። ከሦስቱ አንዱ ከተጎዳ እዚያው መጠን ላይ ሌላ ሦስት ይጨመራል፣ ከስድስቱ የተጎዳው ያው አንዱ ብቻ ከሆነ ወደ ላይ ይቀጥላል። ሁለት ሰው ከተጎዳ ይቆማል፣ አንድ ደረጃ ወርደው «ሰው የሚችለው ከፍተኛው መጠን ይሄ ነው» ይላሉ። በቃ ይሄው ነው። ሲነገር ቀላል ነው፣ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ጨዋታ መስሎኝ ነበር፣ ግን እያንዳንዱ «ሦስት» የሰው ስም አለው፣ አብዛኞቹ ደግሞ ሌላ ሕክምና ያለቀባቸው ሰዎች ናቸው፣ መጀመሪያ የገቡት በጣም ትንሽ ስለሆነ የማይጠቅማቸውን ይወስዳሉ፣ መጨረሻ የገቡት በጣም ብዙ ስለሆነ ይጎዳሉ።

በዚያ ሳምንት ማታ ማታ እሷ ስትተኛ እኔ ኩሽና ቁጭ ብዬ አስላሁት። አንድ መጠን ከሁለት ሰው አንዱን የሚጎዳ ነው እንበል፣ በጣም አደገኛ ማለት ነው። ሦስት ሰው ወስዶት ሦስቱም ደህና የመሆን ዕድላቸው ስንት ነው? ሳንቲም ሦስት ጊዜ ወርውሮ ሦስቴም አንበሳው እንደመውጣት ነው፣ ከስምንት አንድ። ማለትም አደገኛው መጠን ከስምንት ጊዜ አንዴ ምንም እንዳልሆነ መስሎ ያልፋል። ከመቶ ሠላሳውን የሚጎዳ ከሆነማ ሦስቱም ደህና የመሆን ዕድላቸው 34 በመቶ ነው። በሌላ በኩል ስታየው ሦስት ሰው ምንም ባይሆን፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ማለት የምትችለው እውነተኛው አደጋ ከመቶ 63 አይበልጥም ብቻ ነው። 63! ለዚህ ደግሞ ቀላል የጣት ስሌት አለ፣ በተመለከትካቸው ሰዎች ቁጥር ሦስትን ማካፈል፣ ለሦስት ሰው አይሠራም ግን 30 ሰው ደህና ከሆነ አደጋው ቢበዛ ከአስር አንድ፣ 300 ሰው ደህና ከሆነ ቢበዛ ከመቶ አንድ። «ምንም አልተፈጠረም» የሚለው ወሬ ስንት ሰው ላይ አልተፈጠረም ካልተባለ ባዶ ነው።

በ1990 ኦክዊግሊ፣ ፔፔ እና ፊሸር የሚባሉ ሦስት የስታቲስቲክስ ሰዎች የተሻለ መንገድ አመጡ። እኔ የገባኝ በወጥ ነው። አሮጌው ሕግ ወጥ ላይ ጨው ጣል አድርጋ፣ ቀምሳ፣ የቀደመውን ቅምሻ ረስታ እንደገና ጣል እንደምታደርግ ሴት ነው። አዲሱ ግን እያንዳንዷን ቅምሻ ያስታውሳል፣ በእያንዳንዱ ታማሚ ውጤት መጠንና ጉዳት የሚያያዙበትን መስመር እንደገና ያስተካክላል፣ ለሚቀጥለው ሰው የሚሰጠው በዚያ መስመር ላይ አስቀድመን እንቀበለዋለን ካልነው አደጋ ጋር የሚቀራረበው መጠን ነው። አስቀድመን እንቀበለዋለን ካልነው። ይሄን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ነው ኮምፒውተሩን የዘጋሁት። አዲሱ ዘዴ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ተቀምጦ «ከአምስት አንድ ሰው ቢጎዳ ይሁን» ወይም «ከሦስት አንድ ይሁን» ብሎ ይጽፋል፣ አሮጌውም ባይጽፈው በሕጉ ውስጥ ይሄንኑ ይቀበላል። ለካንሰር መድኃኒት ሴፍ የሚባለው ዶዝ ማንንም የማይጎዳ ዶዝ አይደለም፣ ጉዳቱ ተቆጥሮ የተፈቀደ ዶዝ ነው።

በማግስቱ ለእናቴ እያፈርኩ ነገርኳት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጠጅ አሳላፊን ነው ያስታወሰችው፣ ድሮ ሰርግ ላይ አሳላፊው ለጌታው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የነበረውን። «ቀመሱልና» አለች። «ነፍሳቸውን ይማር፣ እነሱ ናቸው የቀመሱልኝ።»

ታዲያ ስልሳውስ?

ወደ ስልሳው ልመለስ። ይሄ ቁጥር አንዴ ተለክቶ የተቀመጠ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ከላይም ከታችም ሲገፉት ነው የኖሩት።

ከታች የገፉት አሜሪካ ውስጥ ካንሰር ኤንድ ሉኪሚያ ግሩፕ ቢ የሚባለው ቡድን ነው። ከ1,500 በላይ የጡት ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው፣ ቀዩን ለአንዱ ቡድን 60፣ ለሌላው 40 ግን ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ድምሩ እኩል እንዲሆን፣ ለሦስተኛው 30፣ አብረውት የሚሰጡት መድኃኒቶችም በዚያው ልክ። በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ግማሹን የወሰዱት ሴቶች ከሌሎቹ የባሰ ሆነ። ወንድሜ ይሄን ቢያነብ «አላልኩሽም?» ይል ነበር። ግን ያው ቡድን ቀጥሎ ወደ ላይ ገፋው፣ 3,121 ሴቶች፣ 60፣ 75 እና 90። በ2003 ታተመ። 90 የወሰዱት 60 ከወሰዱት አልተሻሉም፣ የጨመረው ጉዳቱ ብቻ ነው። ማርም ሲበዛ ይመራል ይባል የለ፣ እዚህ ግን ማር መሆኑ ራሱ ከስልሳ በላይ አልጨመረም።

ልቡም አለ። ይሄ መድኃኒት ልብ ያደክማል፣ ለዚህ ነው እናቴን ከመጀመሯ በፊት ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ያሠሯት። በ1979 ቮን ሆፍና ጓደኞቹ ከ3,900 የሚበልጡ ታማሚዎችን መዝገብ አገላብጠው የልብ ድካም ዕድሉ የተወሰደው ድምር ለአንድ ካሬ ሜትር 400 ሚሊግራም ሲደርስ ከመቶ 3፣ 550 ላይ 7፣ 700 ላይ 18 ነው አሉ። ዓለም 550ን ጣሪያ አደረገው። በ2003 ስዌይን የምትባል ሐኪም ከጓደኞቿ ጋር የሌሎች 630 ሰዎችን መረጃ፣ በደንብ የተከታተሉትን፣ እንደገና ስትቆጥር 550 ላይ ከመቶ 26 ሆነ። መድኃኒቱ ያው ነው፣ የሰውም ልብ አልተቀየረም፣ የተለየው ማን እንዴት ቆጠረው የሚለው ነው። ለ24 ዓመት ሰዎች በዚያ ጣሪያ ስር ተደላድለው ነበር። የእናቴ ዕቅድ አራት ጊዜ 60፣ ድምሩ 240 ስለሆነ ከዚህ ሁሉ በታች ናት፣ እዚህ ላይ ተንፈስ አልኩ።

ስለ መቀነስ ደግሞ ሚላኖ ውስጥ ቦናዶና የሚባለው ሐኪም በ1995 ያወጣው አለ፣ በሌላ የኬሞ ዓይነት ቢሆንም። ከታቀደላቸው 85 በመቶና ከዚያ በላይ የወሰዱት ሴቶች በጣም ተጠቅመዋል፣ ከ65 በመቶ በታች የወሰዱት ጭራሽ ካልወሰዱት አልተሻሉም። እዚህ ጋ ግን የተማርኩት ነገር ከንክኖኛል፣ እነዚያ ሴቶች በዕጣ አልተከፈሉም፣ ያነሰ የወሰዱት መድኃኒቱ ስላነሰ ነው የተጎዱት ወይስ ድሮውኑ ስለደከሙ ነው ያነሰላቸው? ከአንድ መዝገብ ይሄን መለየት አይቻልም። ቢሆንም ቁጥሯን በወረቀት ጫፍ ላይ ጻፍኳት፣ 85።

የማን ቁና

ሐሙስ ማታ ነው። እናቴ የሕክምና ወረቀቶቿን በሙሉ በአንድ ቢጫ ፌስታል ነው የምታስቀምጠው፣ ከአስር ዓመት በፊት የነበረው የጥርስ ካርድ ሳይቀር። ሰኞ ለመሄድ እያዘጋጀሁ አልጋው ላይ ዘረገፍኩት። ከኬሞው በፊት የተሠራላት የደም ምርመራ እጄ ገባ፣ ኒውትሮፊል 1,600፣ አጠገቡ ማሽኑ «ዝቅተኛ» የሚል ምልክት አድርጎበታል። ገና አንድ ጠብታ ኬሞ ሳትወስድ! ልቤ ደነገጠ። ከስሩ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ስታደርግ የነበረውን አገኘሁ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ቀለሙ ሊጠፋ ደርሷል፣ 1,500። አንድ ሌላም አለ፣ 1,700። ሦስቱንም ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ነበረች ማለት ነው፣ ጤነኛ ሆና፣ አምስት ልጅ ወልዳ፣ ጉንፋን እንኳን ብዙ ሳይዛት።

ያን ሌሊት ነው ስለ ደፊ ያነበብኩት። ደፊ ቀይ የደም ሴል ላይ ያለ ነገር ነው፣ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ወደ ሴሉ የሚገባበት በር፣ ይሄን ሚለርና ጓደኞቹ በ1976 ነው ያሳዩት። አብዛኛው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሰው ይሄ በር የለውም፣ ስለዚህ ቫይቫክስ እዚያ ብርቅ ነው። እኛ አገር ድብልቅ ነው፣ በሩ ያለውም የሌለውም አለ፣ ለዚህ ነው ቫይቫክስ እኛ ጋ የሚታየው። እና በ2009 በአፍሪካ አሜሪካውያን ላይ የተሠራ ጥናት በሩ የሌላቸው ሰዎች በተፈጥሯቸው ደማቸው ውስጥ የሚቆጠረው ኒውትሮፊል አነስተኛ እንደሆነ አሳየ። አይታመሙም፣ ኢንፌክሽንም አይበዛባቸውም፣ ልካቸው ነው። እስራኤል ውስጥም ሐኪሞች በየመን አይሁዶችና በቤተ እስራኤላውያን ላይ ይሄንኑ በሽታ ያልሆነ ማነስ አይተው ጽፈዋል።

ታዲያ 1,500 የሚለው መስመር የማን ነው? መነሻቸው አራት ሺህና አምስት ሺህ የሆነ ሰዎች ላይ የተሰመረ ነው። ከ4,000 ተነስቶ 1,200 የደረሰ ሰው ሰባ በመቶ አጥቷል፣ እናቴ ከ1,600 ተነስታ 1,200 ስትደርስ ያጣችው ሃያ አምስት በመቶ ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፣ እናቴ ግን እየተሰፈረች ያለችው ሰፍራበት በማታውቀው ቁና ነው። ይሄ ደግሞ የሷ ብቻ አይደለም። በ1996 እሌኒ አክሊሉ የምትባል ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት ከኢትዮጵያውያኑ ተሳታፊዎች 29 በመቶው ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚቀይረው ጂን ተደራርቦባቸው ተገኝቷል፣ ማለትም ለሌላው ልክ የሆነው የሕመም ማስታገሻ ለነሱ ቶሎ ሞርፊን ይሆንባቸዋል። ቁናው ውስጥ እኛ ካልገባን ልኩ የኛ አይሆንም፣ ይሄን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ምክንያቱም ለስንት ዓመት ባንክ ውስጥ ናሙናው ማንን ይወክላል እያልኩ ስጨቃጨቅ ኖሬ እናቴ ላይ ሲደርስ አልጠየቅኩም፣ የጠየቀችው ራሷ ናት።

ሰኞ ሦስቱን ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ቁጥሩ ትንሽ ወጥቷል፣ 1,400። ዶክተሩ ሦስቱንም ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ረጅም ሰዓት አያቸው። ምንም አልተናደደም፣ እንደውም «ይሄን እኔ መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። ቀጥሎ ያለውን ግን ያኔ በደንብ አልሰማሁትም፣ አሁን ነው በየሌሊቱ የምሰማው። «ልክ ነሽ፣ ግን ባክቴሪያው የእናትሽን መነሻ አይጠይቅም» አለኝ። ወጥቶ ከእሱ በላይ ያለውን ሐኪም አማክሮ ተመለሰና ሙሉውን እንስጥ፣ ቴርሞሜትር ከእጃችሁ አይለይ፣ 38 ካለፈ ሌሊትም ቢሆን ኑ አለ። 98 ሚሊግራም ቀይ በእናቴ ክንድ ገባ።

በአስራ አንደኛው ቀን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ 38.4 ሆነች። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ኒውትሮፊሏ 300 ነው። አፏ ውስጥ ቆስሏል፣ ውሃ እንኳን መዋጥ አቃታት። ሦስት ቀን አንቲባዮቲክ በደም ሥር። ከአልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ወረቀቱን ያሳየሁት እኔ ነኝ። 79 ሚሊግራም ብትወስድ ኖሮ አይነሳባትም ነበር? ይሄን ማንም ሊነግረኝ አይችልም፣ የተማርኩትም አይነግረኝም፣ ሺህ ሴቶች ሙሉውን፣ ሺህ ሴቶች የተቀነሰውን ቢወስዱ ስንት ስንቱ እንደሚታመም መቁጠር ይቻላል፣ እናቴ ግን አንድ ናት፣ ያልሆነውን ሌሊት ማየት አይቻልም። በደፊ ያነበብኩትም ሐሰት አልነበረም፣ የዶክተሩም ቃል ሐሰት አልነበረም፣ ሁለቱም እውነት ሆነው እዚያው አልጋ ላይ ተገናኙ። በኛ ሴቶች ላይ፣ በኛ መነሻ፣ መስመሩ የት ይሁን ብሎ የቆጠረ ጥናት ቢኖረን ኖሮ ሐኪሙም እኔም በሦስት የደበዘዙ ወረቀቶች ባልወሰንን ነበር። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እናቴ ትኩሳቱ በለቀቃት ቀን የጠየቀችኝ ሌላ ነው። «አሁንስ ልኬን አወቁት?»

አራተኛው

አራተኛውን ቀነሱት። ለወንድሜ ደውዬ አስቀድሜ አስላሁለት፣ ሦስት ሙሉና አንድ ሰማንያ በመቶ፣ ከታቀደው 95 በመቶ፣ ድምሩ 240 የነበረው 228። ዝም አለ፣ ከዚያ «እሺ፣ እሺ» አለ፣ ድምጹ ተሰበረ። እሱም ሩቅ ሆኖ በስልክ እየለካ እንደነበረ ያኔ ነው የገባኝ።

ነርሷ መርፌውን ስታመጣ እናቴ ወደ ብርሃኑ አቅንታ አየችው፣ በእርግጥም ቀዩ ካለፈው ያንሳል፣ 79። አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ አንዲት ወጣት ሴት የመጀመሪያዋን ልትወስድ ተቀምጣለች፣ ካኑላው ተሰክቶላታል፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ ተጨብጠዋል። እናቴ ቢጫ ፌስታሏን ከፈተችና ሦስቱን ወረቀቶች አሳየቻት። «አንቺ ልጄ፣ ከመታመምሽ በፊት ደም ተመርምረሽ ታውቂያለሽ? ወረቀቱ አለሽ?» ልጅቷ ግራ ገብቷት ትንሽ አሰበችና ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ የተሠራላት እቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ሳይኖር አይቀርም አለች፣ ከዚያ በነጻ እጇ ስልኳን አውጥታ ባሏጋ መደወል ጀመረች።